ለትንሽ የሸራ ጀልባ የውጭ ቲክ፦ ቫርኒሽ፣ ሴቶል፣ ሲለር፣ ዘይት ወይስ ባዶውን?

በሜሪላንድ አናፖሊስ አካባቢ ያገለገለ ትንሽ የሸራ ጀልባ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አካሉ ፋይበርግላስ፣ የእጅ መያዣው፣ የመቀመጫው ዙሪያ፣ የካቢኑ መዝጊያ ሳንቃና የመሪው ዘንግ ግን ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራ ጀልባ ነው። እንደ ኬፕ ዶሪ ያሉት የድሮዎቹ ደግሞ እንጨት ይበዛባቸዋል። ሱቅ ሲገባ የጣሳዎቹን ዋጋ ያወዳድራል። መወዳደር ያለበት ግን ሌላ ነው፦ በዓመት ስንት ቀን ይሰጠዋል? አንድ ዓመት ሳይነካው ቢቀርስ ምን ይጠብቀዋል? ቫርኒሽ የተዘነጋ እንደሆነ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል፤ ባዶ እንጨት ቢዘነጋ ቀለሙ ግራጫ ከመሆን አያልፍም።

ዘይቱን አስቀድመን ከጨዋታው እናውጣው። «ቲክ ኦይል» ተብሎ የሚሸጠው ከቲክ የተጨመቀ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በቲነር የቀጠነ የተልባ ዘይት ወይም ተንግ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት ነው። በተቀባበት ቀን ያምራል። የተልባ ዘይት ግን ለሻጋታ ምግብ ስለሆነ አናፖሊስ ባለበት በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ እንጨቱ በሳምንታት ውስጥ ይጠቁራል፣ እንደገና ይታጠባል፣ እንደገና ይቀባል። ሌላም አደጋ አለው፦ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ አለዚያም ውሃ በሞላበት ጣሳ ውስጥ ይነከር። ለውጭ እንጨት ዘይት አንመክርም።

ባዶውን መተው ስንፍና የሚመስለው አለ። ቲክ የራሱ ዘይት ስላለው ሳይቀባም ለብዙ ዓመት አይበሰብስም። የሚረገጥ ወለል ከሆነማ ሌላ ምርጫ ባይታሰብ ይሻላል፤ የተቀባ ወለል ሲረጥብ ያንሸራትታል። እጥበቱ በጨው ውሃና በለስላሳ ስፖንጅ ይሁን፣ አስተሻሸቱም ከእንጨቱ መስመር አግድም። በመስመሩ ሲታሽ ለስላሳው ክፍል ተቦርቡሮ ይወጣና ጠንካራው እንደ ሸንተረር ይቀራል። ውሃ በኃይል የሚረጨው ማሽን (ፕሬሸር ዋሸር)ም ያንኑ ጉዳት በደቂቃ ያደርሳል። የድስት ሽቦ ጭራሽ አይነካው፤ ተሰባብሮ የሚቀረው ብናኝ ዝጎ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። በሁለት ጠርሙስ የሚሸጠው ኃይለኛ የቲክ ማጠቢያ በአንድ ጊዜ ወርቃማ ያደርገዋል፤ በየዓመቱ ከተደጋገመ ግን እንጨቱን ያሳሳል፣ አሉሚኒየሙንም ይበላል። ከግዴታ ውጭ አይገዛ፤ ሲገዛም ዙሪያው አስቀድሞ በውሃ ይራስ።

ሲለር፣ ለምሳሌ ሴምኮ፣ እንደ ውሃ የቀጠነና ቀለም ያለው ፈሳሽ ነው። ሽፋን ስለማይሠራ የሚላጥ ነገር የለውም፤ ዋናው ጥቅሙም ይኸው ነው። እንጨቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በጨርቅ ወይም በብሩሽ ይቀባል፣ በአንድ ወቅት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ ብርጭቆ ወረቀት አይፈልግም። አያብለጨልጭም፤ አንድ ወጥ የሆነ የደበዘዘ ቡናማ መልክ ይሰጣል። ጄልኮቱ (የፋይበርግላሱ አንጸባራቂ የላይ ሽፋን) ላይ ያንጠባጠበው ወዲያው ካልተጠረገ እድፍ ሆኖ ይቀራል።

ሴቶል በቫርኒሽና በሲለር መካከል ያለ ነው። ሽፋን ይሠራል፤ ግን ውስጡ ያለው ቀለም ፀሐይዋን ስለሚያግድ በጥቂት እጅ ይቆያል። ሦስት እጅ፣ በየመሃሉ 24 ሰዓት፣ ካስፈለገ ከላይ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሚያብለጨልጨው ዓይነት። ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ በስኮች ብራይት (ሻካራ የማሻሻ ጨርቅ) ፈግፍጎ አንድ እጅ መድገም ነው። የተጫረ ቦታ ቢኖር ያንኑ ብቻ መቀባት ይቻላል፣ ልዩነቱም ብዙ አይታይም። ስሙን ያጠፋው መልኩ ነው፦ የመጀመሪያው ዓይነት ወደ ብርቱካን ያዘነብላል፤ እጅ በእጅ ላይ ሲደራረብም የእንጨቱ መስመር ይጠፋና ቀለም የተቀባ ይመስላል። «ናቹራል ቲክ» የሚባለው ከዚህ ይሻላል። በየአምስትና ስድስት ዓመቱ አውልቆ እንደገና መጀመር ግን አይቀርም።

ወደ ቫርኒሽ እንምጣ። ውበቱን የሚስተካከል የለም፣ የሚጠይቀው ጉልበትም እንደዚያው ነው። እንጨቱ በ80 ከዚያም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በመስመሩ ይፈገፈጋል። ሹል ጠርዞች በትንሹ ይደብዝዙ፤ ቫርኒሽ ከሹል ጠርዝ ላይ እየሸሸ ስለሚሳሳ መላጡ ከዚያ ይጀምራል። ቀጥሎ በአሴቶን ይወለወላል። የቲክ ዘይት ከውስጥ ተመልሶ ስለሚወጣ አሴቶኑ እንደተነነ ወዲያው መቀባት እንጂ ማሳደር የለም። እንደ ኤፒፋነስ ባሉት ቫርኒሾች የመጀመሪያው እጅ 50 በመቶ፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 15 በመቶ ያህል ቲነር ይጨመርበታል፤ የቀጠነው ወደ እንጨቱ ገብቶ እንዲይዝ ነው። የቀሩት ሳይቀጥኑ ወይም በጥቂቱ ቀጥነው፣ በአጠቃላይ 7 ወይም 8 እጅ ይሆናል። በየመሃሉ አንድ ቀን ይጠበቃል፣ በ320 ቁጥር በቀላሉ ይፈገፈጋል። የእንጨቱ ጫፍ፣ ማለትም የተቆረጠበት ፊት፣ ከሌላው የበለጠ ስለሚጠጣ አንድ ሁለት እጅ ይጨመርለት።

የሚበላሽበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፀሐይ ነው፦ ብርሃኑ በጠራው ሽፋን አልፎ የእንጨቱን ፊት ሲያደክመው ቫርኒሹ ደህና ሆኖ ሳለ የያዘው መሠረት ይለቃል። ሁለተኛው ውሃ ነው። የእጅ መያዣው እግር ፋይበርግላሱን በሚነካበት ቦታ መጀመሪያ ጥፍር የምታክል ነጣ ያለች ቢጫ እብጠት ትታያለች። ያን ዕለት ከተፋቀች፣ ደርቃ አራት አምስት ቀጫጭን እጅ ከተደረገላት ነገሩ ያበቃል። እስከ መስከረም ከተተወች ውሃው ሥር ለሥር ሄዶ እንጨቱ ይጠቁራል፣ የዚያ ሁሉ ቀን ድካም በሂት ጋን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) እና በመፋቂያ ይነሳል። ኬሚካል ማስለቀቂያ ጄልኮቱን ሊጎዳ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ሂት ጋኑ ይመረጣል፤ እሱም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ አይቁም።

በቼሳፒክ ቫርኒሽ በዓመት ሁለት እጅ ማደሻ ይፈልጋል። እንደ አሽዶድ ወይም ዱባይ ፀሐይ በሚበረታበት ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ለመቀባት መስከረምና ጥቅምት ከሚያዝያ ይሻላሉ፤ በሚያዝያ የዛፎቹ የአበባ ብናኝ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይጀመር፣ ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይቁም፤ የማታ ጤዛ ያገኘው ቫርኒሽ ብርሃኑን አጥቶ ይደበዝዛል።

እንግዲህ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ጀልባው ጋ ለሚደርስ ሰው ያለን ምክር፦ ወለሉ ባዶውን ይሁን፣ የእጅ መያዣውና የመቀመጫው ዙሪያ ሴቶል ይቀቡ፣ ቫርኒሹ ተፈትተው ቤት ለሚወሰዱት ለመዝጊያ ሳንቃውና ለመሪው ዘንግ ይቀመጥ። እነዚህ በጋራዥ ውስጥ ይቀባሉ፣ ጀልባው ቆሞ ሲውልም የሸራ ልብስ ይደረግላቸዋል፤ በልብስ ሥር ያለ ቫርኒሽ ዕድሜው በጣም ይረዝማል። እንጨቱን ሁሉ ቫርኒሽ ማድረግ ደስ የሚለው ሥራውን ራሱን ለሚወድ ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሰውም አይጠፋም።

መጠኑን በተመለከተ፣ አንድ ሊትር በአንድ እጅ ከ10 እስከ 15 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የሚቀባው 2 ካሬ ሜትር ቢሆን ለስምንት እጅ 16 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ሁለት ሊትር ቫርኒሽ ለማደሻውም ይተርፋል። ለሴቶል ሦስት እጅ አንድ ሊትር ይበቃል። ትልቅ ጣሳ አይገዛ፤ ከተከፈተ በኋላ ላዩ ይረጋል።

ከመግዛት በፊት አንድ ነገር ይታይ፦ በብሎኖቹ ዙሪያ ጥቁር ክብ ካለ ውሃ እየገባ ነው፣ ምንም ቢቀባ አያቆመውም። መያዣው ተፈትቶ፣ ቀዳዳው ደርቆ፣ በቡቲል ማሸጊያ ተመልሶ ይታሰር፤ ብሩሹ ከዚያ በኋላ ይነሳ።