ሱሉልታ ላይ የከብት ክትባት፦ ሁለት ዓመት የተጠቀምኩበት አገልግሎት

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ላይ ሰባት የወተት ላሞችና አራት ጥጆች አሉኝ። ወተቴ በየማለዳው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ይህን የምጽፈው በሰፈራችን የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፍቶ፣ በየበረቱ እየዞረ ስለሚከትብልን ወጣት ሐኪም አገልግሎት ነው።

እሱን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ላስቀድም። ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ ገበያ ሰንጋ በሚነዳበት ሰሞን አፍተግር የሚባለው የከብት የአፍና የእግር በሽታ ጎረቤት በረት ገባ። ደንግጬ ያገኘሁትን ሰው ጠራሁ። ሰውየው ክትባቱን በፌስታል አንጠልጥሎ በቀትር ፀሐይ መጣ። በረዶ የለ፣ ሳጥን የለ፤ ወግቶ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። በሳምንቱ ቦራ የምላት ላሜ ለሃጯ እንደ ክር እየተንጠለጠለ ከግርግሙ ራቅ ብላ ቆመች። አፏን ስከፍተው የምላሷ ቆዳ ተገሽልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል። በሰኮናዋ መካከል ስለቆሰለች እግሯን እያፈራረቀች ታነሳለች። በቀን 16 ሊትር የምትሰጠው ላም ወደ 3 ሊትር ወረደች። ከሁሉም ያንገበገበኝ ጥጃዋ ነው። ማታ ጠብቶ የተኛ ጥጃ፣ ጠዋት እናቱ ሥር ተዘርግቶ አገኘሁት። አፍተግር ትልቁን ከብት ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ የጥጃን ልብ ግን ይመታል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር።

አሁን ያለው ሐኪም መጀመሪያ ቤቴ ሲመጣ መርፌ አልያዘም፤ ደብተር ነበር የያዘው። ስንት ከብት እንዳለኝ፣ የትኛዋ ስንት ወር እንዳረገዘች፣ ከየት ገበያ እንደምገዛ፣ ከብቶቼ ከሌላ ከብት ጋር ሜዳ ላይ ይውሉ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከዚያ የዓመቱን ዕቅድ ጽፎ ሰጠኝ፤ እስካሁን ከበረቱ በር ጀርባ ተለጥፎ አለ። አፍተግር በጥቅምትና በመጋቢት፣ ምክንያቱም ከክትባቱ የሚገኘው መከላከያ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ይሳሳል፤ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ ደግሞ በጎጃም መንገድ የሚነዳው ከብት ደጃፋችንን አልፎ ነው የሚሄደው። የቆዳ እብጠት በሽታ ክረምቱ ገብቶ ዝንቡ ሳይበዛ በሚያዝያ። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የተባሉት ገዳይ በሽታዎች ከዝናቡ በፊት በግንቦት። ለአፍተግር አዲስ የሆነ ከብት በአንድ ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ መወጋት እንዳለበት፣ ክትባትም ዛሬ ተወግቶ ዛሬ እንደማይሠራ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚፈልግ የነገረኝ እሱ ነው። በሽታው አጥር ከዘለለ በኋላ መሯሯጤ ለምን እንዳልጠቀመኝ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

የበረዶ ሳጥኑን አያያዝ ቀርቤ አይቻለሁ። በውስጡ ቴርሞሜትር አለው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ሳያይ አይጀምርም። የአፍተግሩን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከበረዶው ይለየዋል፤ ይህ ክትባት ሙቀት ብቻ ሳይሆን በረዶ መሆንም ያበላሸዋል። የቆዳ እብጠቱ ግን ደረቅ ዱቄት ነው፤ በማሟሚያው ከተበጠበጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። አንድ ቀን የተረፈውን ዓይኔ እያየ ሲያስወግደው ሆዴ ተቃጠለ። «ዶክተር፣ ለነገ አይሆንም?» አልኩት። «እናቴ፣ ነገ ይህን ብወጋላቸው የምወጋው ውሃ ነው» አለኝ።

በዚህ የተነሳ አንድ ሰው ለብቻው ሲያስከትብ ያከስራል፤ ጠርሙሱ የሚበቃው ለብዙ ከብት ነውና። ስለዚህ እኛን ጎረቤቶችን ሰበሰበን። አሥራ አራት ቤት ነን፣ ከስልሳ በላይ ከብት አለን፣ በአንድ ማለዳ እናስከትባለን። በዕድሜ የገፉ አንድ ጎረቤቴ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ያሳመናቸው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገብቶ የአገሩን ከብት የፈጀው፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያመጣው ደስታ በክትባት ዘመቻ ተዳክሞ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ መታወጁን ሲነግራቸው፣ በማግስቱ በሬዎቻቸውን ነድተው መጡ።

እምቢ ማለትንም ያውቃል። ባለፈው ግንቦት የአንዷን ጊደሬን ሙቀት ለክቶ 40.3 ሲያገኝ፣ ትኩሳት ስለሆነ፣ «ይህቺን ዛሬ አልወጋትም» አለ። በዘጠነኛው ቀን ራሱ ተመልሶ ከተባት፤ የመመላለሻ አልጠየቀኝም። ከአባ ሰንጋ ክትባት በፊትም ፔኒሲሊን የመሰለ መድኃኒት ተወግተው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ክትባቱ ሕይወት ያለው በመሆኑ መድኃኒቱ ይገድለዋል።

ቅሬታዬን አልደብቅም። አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ ከብት ታስሮ ሲጠብቅ ይጨነቃል፣ የወተት ሰዓትም ያልፋል። ባለፈው መጋቢት ክትባቱ ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ በጊዜው ስላልደረሰለት ሦስት ሳምንት ዘገየ፤ ይህን የሰማነው ደውለን ስንጠይቅ ነው። ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ ጎረቤቴ ያን ሰሞን ከገበያ ጊደር አትገዛም ነበር። ለአንድ ከብት 150 ብር ደግሞ ወተት ለሌለው፣ ሁለት የእርሻ በሬ ብቻ ላለው ሰው ከባድ ነው። የመንግሥት ዘመቻ ሲኖር ግን ሄደን በዚያ እንድናስከትብ ራሱ ይመክረናል፤ የተከተቡትንም ደብተሩ ላይ ይመዘግባል።

ባለፈው ጥር አፍተግር ከታች ሰፈር ገባ። ከአሥራ አራቱ ቤት የታመመችው ከገበያ የመጣች አንዲት ጊደር ብቻ ናት፤ ሁለተኛውን መርፌ ገና አልወሰደችም ነበር። ሁለት ቀን ለሃጭ አዝረክርካ ዳነች። በእኔ በረት አንድም ሊትር አልቀነሰም። እርግጥ አፍተግር ሰባት ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚከላከለው ክትባት ሌላውን አይመልስም። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ኦ፣ ኤ እና ሳት 2 ናቸው፤ ስታስከትቡ ጠርሙሱ የትኞቹን እንደያዘ ጠይቁ።

የጥቅምቱ ዙር በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ነው። የምትመዘገቡ ሰዎች ያረገዙትን ላሞች ወር ጽፋችሁ አምጡ፣ አዲስ የገዛችሁትንም ለይታችሁ እሰሩ። ቦራ በኅዳር ስለምትወልድ ከወለደች በኋላ ብቻዋን ትከተባለች፤ ቀኗ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።