ሰንሩፉ ያፏጫል ተብሎ የሚሸጥላችሁ «የጎሚኒ ቅያሪ»፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

በየጋራዡ የተለመደ አንድ ሥራ አለ። ባለመኪናው «ከ80 በላይ ስነዳ ከጣሪያው በኩል ፉጨት ይሰማኛል» ይላል። ሠራተኛው ጣቱን በሰንሩፉ፣ ማለትም ጣሪያው ላይ ባለው የሚከፈት መስታወት፣ ዙሪያ ያሳልፍና «ጎሚኒው (ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ) አልቋል፣ እንቀይርልህ» ይላል። ከዚያ በሜትር የሚሸጥ ጥቁር ጎማ ይመጣል፤ በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ክፍተት የቀረበት ቦታ ሁሉ ሲሊኮን ይጠጣል። ለተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል። ክረምት ሲገባ ፉጨቱ ይመለሳል፣ በዚያ ላይ ምንጣፉ ይረጥባል። የኦሪጅናል ዋጋ ተከፍሎበት እንዲህ ተሠርቶ የሚወጣ መኪና ብዙ ስለሆነ ነው ይህን የምንጽፈው።

የሚያሳዝነው፣ ከሚያፏጩት ሰንሩፎች ብዙዎቹ ጎሚኒያቸው ደህና መሆኑ ነው። ችግሩ የመስታወቱ ከፍታ ነው። ሰንሩፉ ሲዘጋ የመስታወቱ የፊት ጠርዝ ከጣሪያው ላሜራ ጋር እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። የኋላው ጠርዝ ደግሞ እኩል ወይም እስከ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ትክክለኛው ልክ እንደ መኪናው ስለሚለያይ የአምራቹ የጥገና መመሪያ ካለ እሱን ተከተሉ፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ነፋሱ ከፊት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ የፊቱ ጠርዝ ከላሜራው በላይ ብቅ ካለ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበለዋል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ጎሚኒ ብትገዙ ያፏጫል። ከፍታው የሚዛባው ብሎኖቹ ሲላሉ፣ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ በአቧራ ሲሞላ ወይም መስታወቱ አንድ ጊዜ ወርዶ በግምት ሲመለስ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚውል መኪና ብሎን ቢላላበት አይገርምም።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁ በእርግጥ ከሰንሩፉ መሆኑን ለዩ። ለዚህ የሚያስፈልገው ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ብቻ ነው፤ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል። የሰንሩፉን ዙሪያ ከአቧራ አጽዱና አድርቁ። ሳትለጥፉ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ንዱ፤ መስኮት ይዘጋ፣ ማራገቢያውና ሬዲዮው ይጥፉ፣ አጠገባችሁ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያዳምጥ። ፍጥነቱን ሳትቀያይሩ ለመያዝ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ይመቻል፤ ለክፍያው የምታወጡት ከጎሚኒው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ግማሹ መስታወቱ ላይ፣ ግማሹ ላሜራው ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ክፍተቱን ዙሪያውን ለጥፉ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ፍጥነት ድገሙት። አቅጣጫው ካልተመሳሰለ የዕለቱ ነፋስ ራሱ ያሳስታችኋል።

ድምፁ ካልተቀየረ ሰንሩፉ ነፃ ነው፤ ስለ ጎሚኒ የሚነግራችሁን ሰው አመስግናችሁ ሂዱ። ያን ጊዜ ፕላስተሩን ወደ ፊት መስታወቱ ዳር፣ ወደ ስፖኪዮው ሥር፣ ወደ በሮቹ የላይኛው ጠርዝ በየተራ አዛውሩት። ፖርቶ መጋላ ካለ አውርዱትና ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ሰንሩፍ እየተባለ የሚታማው ድምፅ የእሱ ነው። ድምፁ ከጠፋ ግን መጀመሪያ የፊቱን ፕላስተር ብቻ አንሱና ንዱ። ተመልሶ ካፏጨ የፊት ጠርዝ ከፍ ብሏል ማለት ይቻላል። ፕላስተሩ ተለጥፎ ሳለ የሰንሩፉን ቁልፍ እንዳትነኩ፤ ፀሐይ ላይም አታቆዩት፣ ሙጫው ቀለሙ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው መለያ ወረቀት ነው። ሰንሩፉን ክፈቱ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ጠርዙ ላይ አድርጉ፣ ዝጉና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ዙሪያውን ድገሙት። በሁሉም ቦታ እኩል ያዝ ሊያደርገው ይገባል። አንድ ጎን ወይም አንድ ማዕዘን በሙሉ ከላላ የከፍታ ጉዳይ ነው። ሌላው ጥሩ ሆኖ አንዲት ቦታ ብቻ ከላላችና እዚያው ጎሚኒው ተጨፍልቆ የቀረ ከሆነ፣ ያ የጎሚኒ ጉዳይ ነው።

ከፍታውን ማስተካከል ምንም መለዋወጫ አይፈልግም። የውስጥ መጋረጃውን ወደ ኋላ ትወስዳላችሁ፣ በግራና በቀኝ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በእጅ ትነቅላላችሁ፣ መስታወቱን የያዙት ብሎኖች ይታያሉ። ብዙ መኪና ላይ በየጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የኮከብ ቅርጽ ያለው ቲ25 ቁልፍ ይገባቸዋል። ሰንሩፉ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ብሎኖቹን ሳታወጡ ላላ አድርጉ፣ መስታወቱን ከሥር በእጅ እየገፋችሁ ልኩን ስጡት፣ አንድ ጎን ብቻ ሳትጨርሱ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ እዚህ ቦታ የለውም፤ ብሎኖቹ ቀጭን ስለሆኑ ጥርሳቸው ይበላል፣ የተበላ ብሎን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ መሰርሰሪያ አይወጣም። ለሠለጠነ እጅ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳን አይሞላም። ይህን ሠርቶ የጎሚኒ ዋጋ የሚያስከፍል አለ፤ ስለዚህ «ቀይሬዋለሁ» ካለ አሮጌውን ጎሚኒ እጃችሁ ላይ እንዲያደርገው ጠይቁ።

አሁን ወደ ሲሊኮኑ እንምጣ፤ ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ነው። የሚከፈት ሰንሩፍ ዙሪያ ያለው ጎሚኒ ውሃን ጨርሶ እንዲከለክል አልተሠራም። አልፎት የሚገባ ትንሽ ውሃ ከሥሩ ባለው ቦይ ይጠራቀምና በማዕዘኖቹ በኩል በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ታች ይወርዳል። የፊቶቹ ቱቦዎች በፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ባለው ምሰሶ ውስጥ አልፈው በፊት በር ማጠፊያ ወይም በፓራፋንጎው ውስጥ ይፈስሳሉ፤ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ፓራውልት አካባቢ ይወርዳሉ። ከላይ የተደፋ ሲሊኮን ተንጠባጥቦ ቦዩ ውስጥ ሲደርቅ የቱቦውን አፍ ይደፍነዋል። የአዲስ አበባ አቧራና የባሕር ዛፍ ቅጠል ራሳቸው በቂ ደፋኝ ናቸው፤ ሲሊኮኑ ይጨርሰዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ በጣሪያው ጨርቅ ላይ ቡናማ ቀለበት ይሠራል፣ ከዚያ ምሰሶውን ተከትሎ ወደ ምንጣፉ ሥር ይወርዳል። በብዙ መኪና ላይ የሽቦ መገጣጠሚያና የኮምፒውተር ሳጥን የሚቀመጠው እዚያው እግር ሥር ነው።

ሲሊኮኑ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ደግሞ ወዲያው አስቁሙት። እሱ ሲደርቅ አሲድ የሚለቅ ዓይነት ነው፤ የተጫረ ላሜራ ካገኘ ዝገት ይጀምራል። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ለመታጠቢያ ቤት ነው።

በሜትር የሚሸጠው ጎማም ሌላ ጣጣ አለው። ወፍራም ከሆነ ሞተሩ መስታወቱን ለመዝጋት ይቸገራል። ብዙ ሰንሩፎች እጅ እንዳይቆርጡ እንቅፋት ሲሰማቸው ተመልሰው ይከፈታሉ፤ ወፍራሙን ጎማ እንደ እጅ ይቆጥሩታል። በዚህ ምክንያት ዝናብ ላይ ያልዘጋ መኪና የሞተር ቅያሪም ይታዘዝለታል። ስፖንጅ የሆነው ዓይነት ደግሞ ውሃ ይይዛል፣ በፀሐይ ይፈረፈራል። የፋብሪካው ጎሚኒ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲዘጋ የሚጨፈለቅ፣ ሲከፈት የሚመለስ ነው፤ አንዳንዱ አየር የሚወጣበት ጥቃቅን ቀዳዳም አለው። ያንን በተቆረጠ ጎማ መተካት አይቻልም።

ጎሚኒው በእርግጥ ያለቀ ከሆነስ? ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ስትቆነጥጡት አይመለስም፣ ማዕዘኑ ላይ ተሰንጥቋል፣ ወይም ተኮማትሮ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ጥሏል። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጎሚኒው ለብቻው ይሸጣል ወይስ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ነው?» በአንዳንድ መኪና ለብቻው የራሱ የመለዋወጫ ቁጥር አለው። በሌሎቹ ጎማው ፋብሪካ ውስጥ መስታወቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚወጣ የሚገዛው ሙሉ መስታወቱ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቱ መኪና «የጎሚኒ ቅያሪ» ብሎ የሚያስከፍላችሁ ሰው ምን እንደሚለጥፍ አሁን ታውቃላችሁ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ መስታወት ስትፈልጉም የምትመረምሩት ጎማውን ነው፤ ከእናንተው ጎማ እኩል ያረጀ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢረክስ ጥቅም የለውም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የሞተር ድምፅ ስለሌለ የነፋሱ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል፣ ገበያውም ለእንዲህ ዓይነቱ ጥገና ተመችቷል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የመስታወት ጣሪያ ሁሉ ሰንሩፍ አይደለም። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ይከፈታል። የቴስላ ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ ግን እንደ ፊት መስታወት ተጣብቆ የቀረ ነው፤ ሐዲድም፣ የሚጨፈለቅ ጎሚኒም የለውም። የማይከፈት ጣሪያ ላይ «ጎሚኒ እንቀይር» የሚላችሁ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፤ ለኪሳችሁ ልዩነት የለውም።

ሰንሩፉ ተከፍቶ ሳለ እንደ ከበሮ ጆሮ የሚደልቅ ድምፅ ካለ ደግሞ ጎሚኒ አይመለከተውም። ፊት ለፊት ብቅ የሚለውን የነፋስ መከላከያ እዩ፤ ሞላው ምናልባት ተሰብሯል። የኋላ መስኮት ትንሽ ዝቅ ማድረግም ድልቂያውን ይሰብረዋል።

ትክክለኛው ጎሚኒ ተገኝቶ ሲገጠም እንዲህ ይሁን። ታጥፎ ከካርቶን የወጣው ጎማ መጀመሪያ ተዘርግቶ ይፍታታ። አሮጌው የነበረበት ቦታ በአልኮል ተጠርጎ ይድረቅ። መጋጠሚያው ከኋላ መሐል ይሁን፣ የፊት ጠርዝ ላይ በፍጹም። እየገፉ እንጂ እየሳቡ አያስገቡት፤ የተወጠረ ጎማ ውሎ አድሮ ይሰበሰብና መጋጠሚያውን ይከፍተዋል። በፋብሪካ ሙጫ ያልነበረበት ላይ ሙጫ አይጨመርም። ቅባት ካስፈለገ ለጎማ የተሠራ የሲሊኮን ቅባት ብቻ፤ ቫዝሊን፣ ግራሶና የሞተር ዘይት ይህን ጎማ ያሳብጡታል። ከዚያ ከፍታው ይስተካከል፣ የወረቀቱ ፍተሻ ይደገም፣ ቀብድ ብቻ ሰጥታችሁ ቀሪውን በመንገድ ከሞከራችሁ በኋላ ክፈሉ። ደረሰኙ ላይ የመለዋወጫው ቁጥር ይጻፍ።

ሲሊኮን ቀድሞ ለተቀባባችሁ፦ በምላጭ አትፋቁት፣ ቀለሙ ይነሳል። በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ እያላችሁ ቁራጩን ወደ ውጭ ሳቡት፣ ቦዩ ውስጥ የወደቀውን አንድ በአንድ ልቀሙ። ቀጥሎ በፊት ሁለቱ ማዕዘኖች ግማሽ ግማሽ ሊትር ውሃ በቀስታ አፍስሱና ከመኪናው ሥር ሲወርድ ተመልከቱ። ካልወረደ ወይም ቦዩ ላይ ከተኛ፣ የሣር ማጨጃ ናይለን ከላይ አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ አድርጉት። በኮምፕረሰር አትንፉት፤ ግፊቱ ቱቦውን ከቦዩ ሥር ያላቅቀዋል፣ የተላቀቀውን ለመመለስ ደግሞ የጣሪያው ጨርቅ መውረድ አለበት።