ከኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ጨዋታዎች የትኛውን እንግዛ?

ባለፈው ክረምት እዚሁ ድሬዳዋ ከአንድ ሱቅ፣ አገር እየገነቡ ጦር የሚያዘምቱበትን የኮምፒውተር ጨዋታ የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን ሁለተኛ ክፍል የታደሰ እትም በ300 ብር በፍላሽ አስገልብጬ ወሰድኩ። ቤት ገብቼ ስጭነው ፋይሉ ቦታ እንዳይፈጅ ተብሎ የዘመቻዎቹ (ታሪክ እየተከተሉ የሚጫወቷቸው ክፍሎች) ድምፅና ቪዲዮ ተቆርጦ ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከፍላሹ ጋር የመጣው ቫይረስ ፎልደሮቼን በሙሉ ሾርትከት አደረጋቸው። ላፕቶፑን ፎርማት ለማስደረግ 800 ብር የከፈልኩ ሲሆን፣ የእህቴ የመመረቂያ ጽሑፍም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ የትኛውን እንግዛ ለሚሉኝ ጓደኞቼ መልሴ አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን የሁለተኛውን ጨዋታ የታደሰ እትም፣ ያውም ኦሪጅናሉን ግዙ።

ይህ እትም ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 20 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቅናሽ በሚደረግባቸው ሳምንታትም በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር ስለሚከብደን ቅናሹን መጠበቅ ግዴታ ነው። የባንክ ካርድ ለሌለው ሰው የሚሻለው ውጭ አገር ያለ ዘመድ የስቲም (ጨዋታዎች በኢንተርኔት የሚሸጡበት መደብር) የስጦታ ካርድ እንዲገዛለት መጠየቅ ነው። ከደላላ የምትገዙ ከሆነ ግን ኮዱ አካውንታችሁ ላይ ገብቶ ገንዘቡን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ ሰው የተጠቀመበት ኮድ ተሸጦላቸው የከሰሩ ሁለት ጓደኞች አሉኝ።

የጨዋታው ዋጋ ተገቢ ነው የምለው፣ መርጠን ከምንጫወትባቸው ሕዝቦች መካከል ኢትዮጵያውያን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብረው ስለሚመጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ማስፋፊያ (በጨዋታው ላይ የሚጨመር ይዘት) የገቡት ኢትዮጵያውያን ቀስተኞቻቸው ከሌላው ፈጥነው ይተኩሳሉ፤ ሾተል የያዙት ተዋጊዎቻቸውም በፍጥነት ተመልምለው ይደርሳሉ። የዮዲት ዘመቻም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ዛፍ ቁረጥ ያልኩት ገበሬ በአማርኛ ሲመልስልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁ ቀን ጨዋታውን አቁሜ እናቴን ጠርቼ አሰማኋት።

ሦስተኛው በሁለተኛ ደረጃ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2020 የታደሰ ሲሆን፣ በነጻ የሚሞከር እትም ስላለው ሳትከፍሉ ልታዩት ትችላላችሁ። ኢትዮጵያውያን እዚህም አሉ፤ ነፍጠኛውና የሴባስቶፖል መድፍ ሳይቀሩ በሚገባ ተሠርተዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአፍሪካ ማስፋፊያ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ በሁለተኛው ውስጥ የምታገኙትን ነገር እዚህ ሁለት ጊዜ ትከፍሉበታላችሁ።

አራተኛው ቆንጆ ነው፤ ለእኛ ከተማ ግን አልመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 60 ዶላር ገደማ ነበር፤ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራምና 50 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፣ ኢትዮጵያውያንም የሉበትም። ሚያዝያ ውስጥ በጓደኛዬ ያገለገለ ላፕቶፕ ስንሞክረው በ20 ደቂቃ ውስጥ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ክፍል እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ወዲያው ማሽኑ በራሱ ጠፋ። ባለሙያው ፋኑን አጽድቶ ሙቀት የሚያስወጣውን ፔስት ለመቀየር 600 ብር አስከፈለን። በድሬዳዋ ሙቀት ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው የጥገናውን ሒሳብ በጨዋታው ዋጋ ላይ ደምሮ ማሰብ አለበት።

እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የመጀመሪያው ጨዋታ በር እንኳ የሌለው ግንብ የሚሠራበት ነው፤ ለትዝታ ካልሆነ አትግዙት። በአንጻሩ የ1999ኙ የሁለተኛው አሮጌ ዲስክ ያለው ሰው አይጣለው፤ ሁለት ኮምፒውተሮችን በኬብል አገናኝቶ ያለ ኢንተርኔት ያጫውታል። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ግን ቀለሙ ሊዛባ ይችላል።

የታደሰውን ሁለተኛ ስታወርዱ በምርጫ የሚጨመረውን ባለ ከፍተኛ ጥራት የምስል ፋይል ምልክት አታድርጉበት። ጨዋታው ያለ እሱ በሚገባ ይሠራል፣ የኢንተርኔት ፓኬጃችሁም ይተርፋል። አውርዳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ዘመቻዎቹን ያለ ኢንተርኔት መጫወት ትችላላችሁ።