ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ያለችው የሥነ ልቦና ምክር ክፍል፦ ሰባት ቀጠሮ ከሄድኩ በኋላ

እንቅልፍ የማጣው ክረምት ሲገባ ነው። ሰማዩ በደንገጎ ተራራ በኩል ከጠቆረ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም እላለሁ። መታወቂያዬንና የልጆቼን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ትራስጌ አስቀምጣለሁ። ሰው "ጠንቃቃ ናት" ይለኛል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ኖርኩ።

ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የሞላው ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ውሃ ድሬ የደረሰው ሰው በተኛበት ነበር። ከ250 በላይ ሰው አጣን። እኔ መጀመሪያ ድምፁን ስሰማ የጭነት መኪና የመጣ መስሎኝ ነበር።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበርና ከላይ የሚያጉረመርም ቬንትሌተር። የመጀመሪያ ቀን ልቤ ይመታል፣ የምትለኝን አልሰማም። አማካሪዋ ዓይኔን ተከትላ ቀና አለች። "ድምፁ ነው? ላጥፋው?" አጠፋችው። በዚያ የድሬ ሙቀት ሃምሳ ደቂቃ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ተቀመጥን። አንዴም አላማረረችም። ለዚህ ብቻ ሙሉ ነጥብ እሰጣታለሁ።

የዚያን ሌሊት ነገር ይንገሩኝ ብላ አልጎተጎተችኝም። በየትኛው ወር እንደሚብስብኝ፣ በየት በኩል ማለፍ እንደማልወድ ጠየቀችኝ። የደቻቱን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ እንደማላውቅ ያኔ ነው የገባኝ። ሁሌ በባጃጅ ነው። ቅዠቱ፣ መሸሹ፣ በትንሽ ድምፅ መበርገጉ ከወር በላይ ቆይቶ ኑሮን ካወከ ጠባይ ሳይሆን ቁስል ነው አለችኝ። "ፈሪ ሆነው አይደለም። ሰውነትዎ ውሃው መጉደሉን ገና አላመነም።"

ድንጋጤው ሲጀምረኝ ተረከዜን መሬት ላይ ጫን አደርጋለሁ። የማየውን አምስት ነገር፣ የምዳስሰውን አራት፣ የምሰማውን ሦስት እቆጥራለሁ። ማታ ቤት ስሞክረው ከዳሰስኳቸው አንዱ የልጄ ፀጉር ነበር። በሰባተኛው ቀጠሮ ቬንትሌተሩን አብሪው ያልኳት እኔ ነኝ። አስር ደቂቃ ያህል ቻልኩት።

ጉድለትም አለ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሲያስል ይሰማል፤ ማልቀስ ያሳቅቃል። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ይሻላል፣ እሱን ጠይቁ። ክፍያው ለእኔ ስለከበደኝ ቀጠሮውን በየሁለት ሳምንቱ አድርጋልኛለች።

ጎረቤቴ "አቦ ተይው፣ ያለፈ አለፈ" ትለኛለች። እሷም ሐምሌ ላይ ጫማዋን አድርጋ ነው የምትተኛው። ባለፈው እሑድ አድራሻውን ጽፌ ሰጠኋት፤ አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።