የትሉን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ጓሯችሁን ቆፍራችሁ ዓሣ የጀመራችሁ። ይሄን የምጽፈው ለዓሣ መኖ የሚሆን ትል ማርባት ያስተማረኝን አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ስሙን እንዳልጽፍ አስምሎኛል። ሰፈር ውስጥ "የትሉ ልጅ" ነው የሚባለው። መጀመሪያ ለስድብ ነበር የወጣለት፣ አሁን ግን ራሱም ሲደውል "እትዬ፣ የትሉ ልጅ ነኝ" ነው የሚለኝ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ኩሬውን ያስቆፈረው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። የደሴ መስመር ሾፌር ነበር። ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ቆም ብሎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይገዛና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ያመጣልን ነበር። ጡረታ ሲወጣ "ከእንግዲህ እኔ ዓሣ ጋ አልሄድም፣ ዓሣው እኔ ጋ ይምጣ" ብሎ ጓሮውን አስቆፈረ፣ ፕላስቲክ አስነጠፈ፣ አራት መቶ የዓሣ ጫጩት አስመጣ። ስድስት ወር ሳይሞላ እሱ አረፈ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ለእኔ ኩሬው የእሱ ነገር ነው። ሲደርቅ ማየት አልቻልኩም።

መኖው ግን አራቆተኝ። ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው መኖ ዋጋው የሰው ቀለብ ያስንቃል። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየቀላቀልኩ ሞከርኩ። ዓሣዎቹ ራሳቸው ትልቅ፣ ገላቸው ቀጭን ሆኑብኝ። የልጅ ልጄ "አያቴ፣ እነዚህ ማንኪያ ይመስላሉ" አለኝ። እውነቱን ነው።

ያኔ ነው ትል አርብቶ ዓሣ መመገብ የሚባል ነገር የሰማሁት። ሥልጠና አለ ተባለ፣ ከፍዬ ሄድኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጠው በግድግዳ ላይ ሥዕል አሳዩን፣ አንድ ትል በእጃችን ሳንነካ ሰርተፍኬት ሰጡን። የእኔ ሰርተፍኬት ላይ የአባቴ ስም ተሳስቷል። ከዚያ "የዘር ትል" ብለው በካርቶን ሸጡልኝ። ወርቅ የገዛሁ መስሎኝ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ሚኒባስ የተሳፈርኩት!

ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ቤቴ በዝንብ ተወረረ። መሶቡ ላይ ዝንብ፣ ሲኒው ላይ ዝንብ፣ የተኛ ልጅ ዓይን ላይ ዝንብ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ "አንቺ፣ በሽታ ልታመጪብን ነው?" ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰዎቹ ጋ ስደውል የምትመልስልኝ ያቺ "ማግኘት አይችሉም" የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት። ሌላ ነጋዴ ደግሞ በመሃል የሻገተ መኖ ሸጦልኝ ነበር። እሱን አሁን ባነሳው ደሜ ይፈላል፣ ልተወው።

ልጁን የጠቆመኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። መጣ፣ ካርቶኑን ከፈተ፣ አንዷን ትል መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለደቂቃ ያህል ዝም ብሎ አያት። ከዚያ "እትዬ፣ ይሄ የቤት ዝንብ ትል ነው። ማን ሸጠልዎት?" አለኝ። በኋላ የራሱን አምጥቶ ጎን ለጎን አሳየኝ። የእኔዎቹ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በአንድ በኩል የሾሉ ናቸው። የእሱ ጠፍጠፍ ያሉ፣ ቆዳቸው ጠንከር ያለ፣ ሲያድጉ እየጠቆሩ የሚሄዱ ናቸው። ጥቁር ወታደር ዝንብ ነው የምትባለው አለኝ። ስሟ ያስፈራል እንጂ ምስኪን ናት። አትነክስም። ክንፍ ካወጣች በኋላ ምግብ የለ ምን የለ፣ ፀሐይ ላይ ተጋብታ፣ እንቁላሏን ጥላ፣ በሳምንት በአሥር ቀን ትሞታለች። ስለዚህ መሶብ ላይ ምን አላት? የማትበላ ዝንብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ፕሮቲኑም ብዙ አስረድቶኛል፣ ሲደርቅ 40 በመቶ አካባቢ ነው ብሎኛል፣ የቀረውን አልያዝኩትም። እኔ የማውቀው የሠራልኝን ነው። አሮጌ አጎበሬን ሰፍቶ የዝንቦቹን ቤት አደረገው፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ሰቀለው። ውስጡ በስንጥቅ የተገጣጠሙ እንጨቶች አስቀመጠ። እንቁላሉን እዚያ መሃል ነው የሚጥሉት፣ ጤፍ ነው የሚያህለው። ለትሎቹ ሳፋ፣ ከሳፋው ጎን የተጋደመ ጣውላ፣ ከጣውላው ጫፍ በታች የተቆረጠ ጀሪካን። በቃ ይሄው ነው። ምግባቸው ደግሞ የጠላ አተላ፣ ገበያ ላይ የፈረጠ ማንጎና ፓፓያ። የሽንት ቤት ነገርና የሞተ እንስሳ እንዳላስጠጋ አስጠንቅቆኛል።

አሁን ዋናው ላይ ልምጣ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ለትሎቹ አዝኜ ነው መቼም፣ አተላውን ሳላጠልለው እንዳለ ገለበጥኩላቸው። ማታ በባትሪ ወጥቼ ሳይ ትሎቹ ሳፋውን ጥለው ግድግዳው ላይ! በሺህ የሚቆጠሩ፣ ወደ ጣሪያ እየወጡ። ጮህኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር፣ አያነሳም ብዬ ነው የደወልኩት። አነሳ። "እትዬ፣ አይደንግጡ፣ ውሃ በዝቶባቸው ነው የሚሸሹት" አለኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ይዞ በባጃጅ መጣ።

አልሳቀብኝም። ይሄን ነው የማልረሳለት። እኔ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ስለ ባለቤቴ እያለቀስኩ ነው፣ ስለ ትል አይደለም፣ እሱም ገብቶታል መሰለኝ ምንም አልጠየቀኝም። በመጥረጊያ ቀስ እያለ አወረዳቸው፣ ሰጋቱራውን ጨመረ፣ በእጁ አማሰለው። ከዚያ "እጅዎን ይስጡኝ" አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትሉን በእጄ ነክቼው አላውቅም፣ በጭልፋ ነበር የማማስለው። እጄን ይዞ ከተተው። ይሞቃል! እንደ ዶሮ ሆድ ይሞቃል፣ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ትሎቹን ገለል አድርጎ ምግቡን ብቻ አስጨበጠኝና "ይጭመቁት" አለኝ። ጨመቅኩት። በጣቶቼ መሃል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ወጣ። "እንዲህ ሲሆን ልክ ነው፣ ሌላ መለኪያ አያስፈልግዎትም" አለኝ። ሙሉ ቀን ሠልጥኜ ሰርተፍኬት የያዝኩት ሴትዮ ሥራውን የተማርኩት በዚያች ጭማቂ ነው። የባጃጁን እንኳ ልክፈልህ ብለው እንቢ አለ፣ ቡና ብቻ ጠጥቶ ሄደ።

ሌላም አለ። ዘር ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ሁለተኛ ላዝዘው ስል "ከእኔ ደግመው አይግዙ" አለኝ። ጠቁረው ከሚወጡት ከአሥሩ ሁለቱን ወደ አጎበሩ እንድመልስ፣ ክንፍ አውጥተው ራሳቸው እንዲተኩ አሳየኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ገበያውን በገዛ እጁ የሚዘጋ ነጋዴ የት ይገኛል? ያንን የካርቶን ሰውዬ አስቡትና ይሄን ልጅ አስቡት።

አሁን ንጋት ላይ ስነሳ መጀመሪያ የምሰማው ጀሪካኑን ነው። ትሎቹ ሲጠቁሩ ደረቅ ቦታ ፍለጋ ራሳቸው ጣውላውን ይወጡና ጠብ፣ ጠብ ይላሉ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሊጀምር ሲል እንደሚለው። ማንም አይለቅማቸውም፣ ራሳቸው ይገባሉ። ኩሬው ላይ ስበትን ውሃው ይፈላል። ትል ብቻ እንዳልሰጥ ነግሮኛል፣ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር ነው የማዋህደው። መኖ መግዛት ፈጽሞ ተውኩ ብላችሁ ውሸት ይሆናል፣ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ዓሣዎቹም ማንኪያ መምሰል ትተዋል። ያቺ ጎረቤቴ ደግሞ ከሳፋው የሚተርፈውን ለጎመኗ በባልዲ እየወሰደች ነው። ስለ በሽታው አላነሳንም።

ደብረ ብርሃን ያላችሁ ግን አትቸኩሉ። እህቴ እዚያ ናት፣ ልጁን ላኪልኝ አለችኝ። እሱ ግን በስልክ ቁጭ አድርጎ ነገራት፦ ይሄ ነገር ሙቀት ይወዳል፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ማሞቂያ ካልገባ ገንዘብዎን ያባክናሉ። እሷ ልትከፍል፣ እሱ አይሆንም ሲል ቆዩ። ከጣርማ በር በታች፣ እኛ ቆላው ውስጥ ያለን ግን ምን እንጠብቃለን? ደውሉለት። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ ደውሉለት።

ዋጋ ስትጠይቁት አሳንሶ ነው የሚናገረው። ጨምሩለት። የባጃጁንም አስቡለት።