ከባቱ ማሳ እስከ አዲስ አበባ ጠረጴዛ፦ የአንድ ቀይ ወይን ጉዞ

ዘንድሮ ለእረፍት ከጀርመን ስመጣ አንድ ነገር ቆርጬ ነበር። ፍራንክፈርት ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት የቀመስኩትን ሪፍት ቫሊ ሲራህ፣ ማለትም ሲራህ ከሚባል የወይን ዝርያ የተጠመቀውን የአገራችንን ቀይ ወይን፣ ከበቀለበት ቦታ ሄጄ ማየት። ብዙ አገር ወይን ጠጥቻለሁ፤ የአገሬን ግን ከየት እንደሚመጣ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ይኼ ይቆጨኝ ነበር።

ከታላቅ እህቴ ጋር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሣን። የተከራየነው መኪና ሹፌር ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ በሰዓቱ ደረሱ፣ ሳይጣደፉ ነዱ። ቅምሻ እንዳለ ስንነግራቸው «እኔ መሪ ይዤ አልቀምስም፤ እናንተ ተጫወቱ» አሉን። ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዛሬም ዝዋይ የምንላት፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለደርሶ መልስ ይመቻል።

ሪፍት ቫሊን የሚያመርተው የካስቴል ወይን ጠጅ ፋብሪካ ያለው እዚያው ማሳው አጠገብ ነው። ወይኑ የሚለቀመውም፣ የሚጠመቀውም፣ የሚታሸገውም አንድ ቦታ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ችግኙ ከፈረንሳይ መጥቶ ተተከለ፤ የመጀመሪያው ጠርሙስ ለገበያ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን አፈሩ አሸዋማ ነው። ማሳውን ዙሪያውን የሚከብ ሰፊ ቦይ ተቆፍሯል፤ ጉማሬ፣ ጅብና ዘንዶ እንዳይገባ ነው።

ያስጎበኘችን ልጅ የግብርና ባለሙያ ናት፤ የጠየቅናትን ሁሉ በትዕግሥት መለሰችልን። እኔን የገረመኝ የወይኑን ቅርንጫፍ ስለ መግረዝ የነገረችን ነው። አውሮፓ ውስጥ ክረምቱ ራሱ ወይኑን ያስተኛዋል፤ በእኛ አገር ግን ብርዱ ስለማይበረታ ተክሉ እንቅልፍ የለውም። መቼ እንደሚያቆጠቁጥና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው። ቀጥላ ሳይለቀም ከቀረ ዘለላ አንዲት ፍሬ ቆርጣ በጣቷ ጨመቀቻት። የወጣው ጭማቂ ነጣ ያለ ነው። ልጣጩን ስታሸው ግን አውራ ጣቷ ወይን ጠጅ መሰለ። «ቀዩ ያለው እዚህ ነው» አለችን። ቀይ ወይን ሲጠመቅ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር አብሮ የሚቆየውም ለዚህ ነው፤ አፍ የሚይዘው ጣዕምም ከዚያው ይመጣል።

ሲራሁን ቀመስኩት። መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪ፣ ኋላ የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፤ ሲዋጥ ጉሮሮ አያቃጥልም። ከጥብስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቀይ ወጥ ጋርም ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። እህቴ መርሎ ከሚባለው ለስለስ ያለ ቀይ ወይን አልወጣችም። ያደግነው በዓል ሲመጣ ጉደር በሚከፈትበት ቤት ነው፤ ጉደር ትዝታ ነውና ከዚህ ጋር አላወዳድረውም።

ቅር ያለኝ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ነው። በአንድ ትልቅ ሆቴል ምግብ ቤት ያንኑ ሲራህ አዘዝኩ። ጠርሙሱ ቡና ማሽኑ አጠገብ፣ መብራት ሥር ቆሞ የዋለ ነው፤ ስይዘው ይሞቃል። ከብርጭቆው የአልኮል ሽታ እንጂ ያ ቁንዶ በርበሬ አልመጣም። አስተናጋጁ ፊቴን አይቶ «የሚቀላቅሉበት ስፕራይት ላምጣልዎ?» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። በረዶ በባልዲ አምጣልኝ ስለው ሮጦ አመጣ፤ ሩብ ሰዓት ካቆየነው በኋላ ወይኑ ወደ ራሱ ተመለሰ። ለልጁም አቀመስኩት። «ለካ ይኼ ነው! ማንም አሳይቶን አያውቅም» አለኝ።

እኔ ልጁን አልወቅስም። ለዚያ ጠርሙስ ከሱቁ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍል ቤት ግን ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ እንደሚቀርብ ለሠራተኞቹ ማስተማር ነበረበት። ማሳው ላይ ያን ያህል የተደከመበት ወይን ጠረጴዛው ላይ መበላሸቱ አሳዝኖኛል።

መሄድ የምታስቡ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። ኮፍያ አትርሱ፤ ማሳው ላይ ጥላ የለም። እኔ ሁለት ጠርሙስ በጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። ሦስተኛውን ለእህቴ ትቼላታለሁ፤ ለፋሲካ ስትከፍተው መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ እንድታቆየው አደራ ብያታለሁ።