ፒኤስፒ፣ ቪታ ወይስ 3ዲኤስ፦ ያገለገለ የእጅ ጌም ማጫወቻ ለሚገዛ ሰው

ያገለገለ የእጅ ጌም ማጫወቻ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ቀፎው ላይ ባለው ጭረት ነው። ጭረት ግን ጨዋታ አይከለክልም። ገዢውን ሌላ ወጪ ውስጥ የሚከቱት ያበጠ ባትሪ፣ ተፈልጎ የማይገኝ ሚሞሪ፣ ለሌላ አገር መብራት የተሠራ ቻርጀር እና ማሽኑ አልቀበልም የሚለው የጌም ካርድ ናቸው። የሶኒን ፒኤስፒና ፒኤስ ቪታ ከኔንቲዶ 3ዲኤስ ጋር የምናስተያየውም በእነዚህ በኩል ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፒኤስፒ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለው በ2004 ሲሆን 3ዲኤስና ቪታ በ2011 ወጥተዋል። ፒኤስፒ በ2014፣ ቪታ በ2019፣ 3ዲኤስ በ2020 ከገበያ መቅረባቸው አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ «አዲስ ነው» የሚባል ፒኤስፒ ካጋጠመዎት አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ቀፎው ብቻ የተለወጠ አሮጌ ማሽን ነው። ቀፎ መለወጡ በራሱ ክፋት የለውም። ቁልፎቹ ተጭነው የሚቀሩ ወይም የቀፎው መጋጠሚያ ክፍተት ያለው ከሆነ ግን ዋጋው መውረድ አለበት።

የጌሙ አገር

ኢትዮጵያ ውስጥ ማሽኑ ከዱባይ፣ ጌሙ ደግሞ አሜሪካ ካለ ዘመድ ሊመጣ ይችላል። ለፒኤስፒ ይህ ችግር አይደለም። ዩኤምዲ የሚባለው ትንሽ ዲስኩ ከጃፓንም ይምጣ ከአውሮፓ፣ ጌም ከሆነ በየትኛውም ፒኤስፒ ላይ ይሠራል። የአገር ገደብ ያለባቸው ፊልም የተቀዳባቸው ዩኤምዲዎች ብቻ ናቸው። የቪታ የጌም ካርዶችም እንዲሁ ገደብ የለባቸውም፤ ከኦንላይን መደብሩ የሚገዛ ተጨማሪ ይዘት ግን ከአካውንቱ አገር ጋር መግጠም አለበት።

3ዲኤስ ላይ ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካ 3ዲኤስ የአውሮፓን የ3ዲኤስ ካርድ አያነብም፤ የአውሮፓውም የጃፓንን። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የማሽኑን አገር የሚያውቁበት መንገድ ቀላል ነው። ሲስተም ሴቲንግስ የሚለውን ሲከፍቱ ላይኛው ስክሪን ላይ በስተቀኝ ታች ረጅም የቨርዥን ቁጥር ይታያል። ቁጥሩን የሚዘጋው የእንግሊዝኛ ፊደል «ዩ» ከሆነ የአሜሪካ፣ «ኢ» ከሆነ የአውሮፓ፣ «ጄ» ከሆነ የጃፓን ነው። ቋንቋውም የሚወሰነው በዚሁ ስለሆነ የጃፓኑን ማሽን ምናሌ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ አይቻልም። የቀድሞው የኔንቲዶ ዲኤስ መደበኛ ካርዶች ግን ከየትም ይምጡ በ3ዲኤስ ላይ ይሠራሉ፤ ለዚህ ማሽን ትልቁ ሀብቱም ይኸው ነው። የዲኤስ ጌም ሲከፍቱ ስታርት ወይም ሴሌክት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ከቆዩ ምስሉ አነስ ይላል፤ ግን ብዥታው ይጠፋል።

ቻርጀሩ

ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚመጣ ማሽን ይህ ክፍል ከሁሉም ይቀድማል። የፒኤስፒና የቪታ ኦሪጅናል ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የሶኬት አዳፕተር ብቻ ይበቃቸዋል። የኔንቲዶ የአሜሪካ ቻርጀር ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የጃፓኑ ለ100። የሶኬቱን ቅርጽ በአዳፕተር አስተካክለው በእኛ 220 ቮልት ላይ ከሰኩት ይቃጠላል። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ አይሰኩ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አንዱ ጫፍ ዩኤስቢ ሌላው የ3ዲኤስ የሆነ ገመድ ገዝተው በስልክ ቻርጀር መሙላት ይችላሉ። 2ዲኤስ (ባለሦስት አቅጣጫ ምስል የሌለው የ3ዲኤስ ዓይነት)፣ 3ዲኤስ፣ «ኤክስኤል» የሚባሉት ትልልቅ ሞዴሎቻቸውና ከእነሱ በፊት የነበረው ዲኤስአይ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫፍ ይጠቀማሉ። የዲኤስ ላይት ጫፍ ግን የተለየ ነው፤ ሻጩ «የዲኤስ ነው፣ ይሆናል» ቢልዎት ሰክተው ይዩት።

ለፒኤስፒ 5 ቮልት የሚሰጥ፣ አንዱ ጫፍ ዩኤስቢ ሌላው 4 ሚሊ ሜትር ክብ የሆነ ገመድ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም በፓወር ባንክ ይሞላል። ፒኤስፒ 2000 እና 3000 የሚባሉት ሞዴሎች በላያቸው ባለው ሚኒ ዩኤስቢም ይሞላሉ፤ ግን ከሴቲንግ ውስጥ መፍቀድን ይጠይቃል፣ በዚያ መንገድ እየሞላም ጌም መጫወት አይቻልም። ስለዚህ ክቡ ገመድ ይሻላል። ፒኤስፒ ጎ የራሱ ልዩ ሶኬት አለው፤ የመጀመሪያው ቪታም (1000) እንዲሁ። የእነዚህ የሁለቱ ገመድ ከጠፋ በየሱቁ አይገኝምና ያለ ገመድ የሚሸጥ ከሆነ ይተዉት። ሁለተኛው ቪታ (2000) የሚሞላው በተራ ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። በጣም የቆየ ስልክ ያለው ቤት ሁሉ ገመዱ አለው።

ባትሪ

እነዚህ ማሽኖች መሳቢያ ውስጥ ዓመታት የቆዩ ናቸው፤ ባዶ ሆኖ የተቀመጠ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ያረጃል፣ ያብጣል። ማሽኑን በጀርባው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጣትዎ ያሽከርክሩት። እንደ እንዝርት ከተሽከረከረ ወይም ከተንገዳገደ ሆዱ ተነፍቷል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ አይሞላም፤ ወጥቶ ይጣላል።

ፒኤስፒ እዚህ ላይ ይበልጣል። የ1000ው፣ የ2000ውና የ3000ው የባትሪ ክዳን ያለ ካቻቢቴ ይከፈታል፣ ባትሪው በጣት ይወጣል። የ1000ው ባትሪ 1800 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ የ2000ውና የ3000ው 1200 ነው። ወፍራሙ በቀጭኑ ማሽን ውስጥ ሲገባ ክዳኑ አይዘጋም። በዚያው መጠን «3600» ተብሎ የታተመበት ባትሪ ቁጥሩ ሐሰት ነው፤ እዚያ ቦታ ውስጥ ያን ያህል አይገባም። በ3ዲኤስ ደግሞ የጀርባውን ክዳን ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቢቴ ይፈታዋል። የመጀመሪያው 3ዲኤስ፣ 2ዲኤስ እና ኒው 2ዲኤስ ኤክስኤል የሚጠቀሙት 1300 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ስዊች የሚባለው አዲሱ የኔንቲዶ ማጫወቻ ፕሮ ኮንትሮለር ውስጥ ያለው ራሱ ስለሆነ ምትኩ ብዙ ነው። ቪታ ከሦስቱ አስቸጋሪው ነው፤ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ተፈቶ የኋላው ንክኪ ሰሌዳ ገመድ ሳይበጠስ መውጣት አለበት። እጁ ያልለመደ ሰው ለባለሙያ ይስጠው።

ሚሞሪ

ቪታን ብዙ ሰው የሚያስመርረው እዚህ ላይ ነው። የሚቀበለው ሶኒ ለእሱ ብቻ የሠራውን ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ባለ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እና 64 ጊጋባይት። 1000ው የራሱ ውስጣዊ ማስቀመጫ ስለሌለው ብዙ ጌሞች ያለ ሚሞሪ ካርድ አይነሱም፤ 2000ው 1 ጊጋ ብቻ አለው። ቪታ ያለ ሚሞሪ ካርድ በርካሽ ሲቀርብልዎት የካርዱን ዋጋ ደምረው ያስቡ። ካርዱ ካለውም በቀድሞው ባለቤት አካውንት የታሰረ ይሆናል። በእርስዎ አካውንት ለመጠቀም ማሽኑና ካርዱ ላይ ያለው መረጃ ሁሉ መሰረዝ አለበት፤ «ሃያ ጌም ተጭኖበታል» ተብሎ የተጨመረው ዋጋም አብሮ ይጠፋል።

ፒኤስፒ (ከጎ በቀር) ሚሞሪ ስቲክ ፕሮ ዱዎ የሚባል የሶኒ ካርድ ይጠቀማል፤ ማይክሮ ኤስዲ የሚገባበት ትንሽ አዳፕተር ስላለ የስልክ ካርድ ይበቃዋል። አንድ ካርድ የሚይዘውን አዳፕተር ይምረጡ። ሁለት የሚይዘው መረጃውን በሁለቱ ላይ ከፋፍሎ ስለሚጽፍ አንዱ ካርድ ሲበላሽ የሁለቱም ይጠፋል። 3ዲኤስ ተራ ኤስዲ ይቀበላል፤ ከ32 ጊጋ በላይ ከሆነ በኮምፒውተር ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ፎርማት መደረግ አለበት። ኒው 3ዲኤስና ኒው 3ዲኤስ ኤክስኤል ወደ ማይክሮ ኤስዲ ተዛውረዋል፤ ካርዱ ያለው ግን ከጀርባው ክዳን ሥር ነው፣ ለመለወጥ ብሎን መፍታት ግድ ነው። ኒው 2ዲኤስ ኤክስኤል ይህን አስቀርቷል፤ ካርዱ በጠርዙ ባለች ትንሽ ክዳን ሥር ይገኛል።

የተዘጉት መደብሮች

የ3ዲኤስ መደብር ማርች 27 ቀን 2023 ሽያጭ አቁሟል፤ በኢንተርኔት አብሮ መጫወትም ኤፕሪል 2024 ላይ ተቋርጧል። በፒኤስፒ ላይ ሆኖ መግዛት ከቀረ ቆይቷል። የቪታን መደብር ሶኒ በ2021 ሊዘጋው ነበር፤ ኋላ ሐሳቡን ቀየረ፣ ነገር ግን በማሽኑ ላይ በባንክ ካርድ በቀጥታ መክፈል ቀርቷል፤ ገንዘቡ አስቀድሞ አካውንቱ ውስጥ መግባት አለበት። እንግዲህ ያለ ኢንተርኔት የሚቀረው የእጅ በእጅ ካርድና ዲስክ ነው። ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን ሆነው በቅርብ ርቀት መጫወታቸው ግን በሦስቱም ላይ ዛሬም ይሠራል፤ ወንድምና እህት ላሉበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኳስ ወዳድ ለሆነ ሰው፦ የፒኤስፒ የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው፣ የቪታና የ3ዲኤስ 15። የቡድኖቹ አሰላለፍ በዚያው ቆሟል።

የትኛውን ሞዴል?

ከፒኤስፒዎች 3000ውን እንመርጣለን። 189 ግራም ነው፣ ማይክሮፎን አለው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። ነገሮች በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ ስክሪኑ ላይ አግድም ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ፤ ይህ የሞዴሉ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ያ የሚረብሸው ሰው 2000ውን ይውሰድ። 1000ው 280 ግራም የሚመዝን ጠንካራ ማሽን ነው፤ ራሙ ግን 32 ሜጋባይት፣ የኋለኞቹ ግማሽ ነው። ኢ1000 የሚባለው ዋይፋይ የለውም፣ ድምፁም በአንድ ስፒከር ብቻ ነው። ፒኤስፒ ጎ ዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ መደብሩ በተዘጋበት ዘመን ለአዲስ ገዢ አንመክረውም።

ከቪታዎች የ1000ው 5 ኢንች ኦሌድ ስክሪን ጥቁሩ ጥልቅ፣ ቀለሙ ያማረ ነው። የ2000ው ኤልሲዲ ከዚያ ይደበዝዛል፤ ግን 219 ግራም ብቻ ነው፣ ባትሪው ይቆያል፣ ገመዱም የትም ይገኛል። በየቀኑ ለሚጫወት 2000ው ይሻላል።

ከ3ዲኤስ ቤተሰብ ለልጅ የሚሆነው የማይታጠፈው 2ዲኤስ ነው። የሚሰበር ማጠፊያ የለውም፣ ባለሦስት አቅጣጫ ምስልም የለውም። ኔንቲዶ ራሱ ዕድሜያቸው 6 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ባለሦስት አቅጣጫውን ምስል እንዳያዩ ያስጠነቅቃል። ለአዋቂ ኒው 3ዲኤስ ኤክስኤል፤ ካሜራው ፊትዎን እየተከተለ ምስሉን ስለሚያስተካክል ራስዎን ትንሽ ሲያዞሩ አይበተንም። የመጀመሪያው 3ዲኤስ ላይ ይህ የለም፣ ዓይን ያደክማል።

እጅ በእጅ ሲረከቡ

ሻጩን ሃያ ደቂቃ ይጠይቁት። ቻርጀሩን ሰክተው የመሙያ መብራቱን ይዩ፤ ከዚያ ነቅለው በባትሪ ብቻ ያስነሱት። ፒኤስፒ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ኢንፎርሜሽን የሚለው የቀረውን መቶኛ ያሳያል፤ ዩኤምዲ አስገብተው ጌሙን ይክፈቱና አዲስ መድረክ እስኪጭን ይጠብቁ። ዲስኩ እየተንጫጫ ካልተነበበ ሌላ ዲስክ ይሞክሩ። አንዳንዴ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የዩኤምዲው ግልጽ ፕላስቲክ ሽፋን ሙጫው ለቆ መነሳቱ ነው፤ እሱ በጥንቃቄ ተጣብቆ ይድናል። ሁለቱንም ካላነበበ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም አርጅቷል።

የአናሎጉን ዱላ ይልቀቁና ምናሌው በራሱ የሚሄድ መሆኑን ይዩ። 3ዲኤስ ላይ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ የክብ ዱላውንም የታችኛውን ንክኪ ስክሪንም መመዘኛ አለ፤ ሁለቱንም ይክፈቱ። ከላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ቁልፎች ደጋግመው ይጫኑ፣ በዲኤስ ላይትም ሆነ በ3ዲኤስ ቀድመው የሚደክሙት እነሱ ናቸው። ክዳኑን ቀስ እያሉ ከዝግ እስከ ሙሉ ክፍት ያንቀሳቅሱ። በአንድ ማዕዘን ላይ የላይኛው ስክሪን ከተንቀጠቀጠ ወይም ድምፁ ከተቆረጠ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ገመድ እየተበጠሰ ነው፤ ጥገናው ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ይጠይቃል። ቪታ ኦሌድ ከሆነ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ግራጫ ጨለማ ምስል ያሳዩት፤ ነጠብጣቡና የተቃጠለው ምስል የሚታየው ያኔ ነው።

ጌም የተጫነበት፣ ሶፍትዌሩ የተነካካ ፒኤስፒ 3000 ከሆነ ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያስነሱት። በብዙዎቹ ላይ ለውጡ ከአንድ ማጥፋት በኋላ ይጠፋል፣ እንደገና ማስነሻ ፕሮግራሙን መክፈት ያስፈልጋል፤ ሻጩ እንዴት እንደሚደረግ እዚያው ያሳይዎ። በመጨረሻም ሻጩ ፊትዎ ላይ ማሽኑን ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልስ። 3ዲኤስ በወላጅ ቁጥጥር ፒን ከተቆለፈ፣ ያ ቁጥር ሳይገኝ መረጃውን መሰረዝ አይፈቅድም፤ ሻጩ ቁጥሩን ረሳሁት ካለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ይመልሱ።